ቀድሞ ለመሞት የተሰናዳው ቀያሽ

ቀያሹ ከሚስቱ ቀድሞ እንደሚሞት ቅንጣት ታህል ጥርጥር አልነበረውም። አባቱ በስልሳ አንድ ዓመቱ፣ ታላቅ ወንድሙ በአምሳ ስምንት፣ ታናሹ ደግሞ አምሳን ሳይደፍን፣ ሦስቱም በልብ ሕመም ክልትው ብለው ቀርተዋል። እሱም በአምሳ ስድስት ዓመቱ አንድ ቀን መስክ ላይ፣ ባለ ሦስት እግሩን መለኪያ ተክሎ በመነጽሩ እያየ ሳለ፣ ደረቱን ይዞ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ ክኒን ሰጠውና «ጨው ይቀንሱ፣ አቀበት ይተዉ፣ ንዴት ይቅርብዎ» አለው። ሚስቱ ግን ዘጠኝ ዓመት ታንሰዋለች። ጉንፋን እንኳ ሲይዛት አፍሮ በማግስቱ ጥሏት ይሄዳል።

«እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው» ይል ነበር ቀያሹ። «እኔ እሄዳለሁ፣ እሷ ትቀራለች።»

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው መሬት ለክቷል። ከዚያ ውስጥ እኩሌታው የውርስ ክፍፍል ነበር። አባት ሳይናዘዝ ይሞታል፣ ወንድማማች በስንዝር መሬት ይካሰሳል፣ ፍርድ ቤት ቀያሽ ይልካል። እሱ ችካል ሲተክል አንዱ ይነቅላል፣ ሌላው ድንጋይ ያነሳል። አንድ ጊዜ ሰባት ልጆች የአባታቸውን ግቢ ሲከፋፈሉ፣ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ የተቀመጠችው እናታቸው «ልጄ፣ እኔ ያለሁት በማን ድርሻ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ወረቀቱን አይቶ «በታላቁ ልጅዎ» አላት። አሮጊቷ ብድግ አለች፣ በርጩማዋን አንስታ ወደ ትንሿ ልጇ ድርሻ ተሻገረች። ቀያሹ የዚያን ዕለት ምሳውን አልበላም። የእኔይቱ በርጩማዋን ይዛ አትዞርም ብሎ ለራሱ ማለ።

ስለዚህ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብሎ ተነሳ። በሁለቱም ስም የነበረውን ቤት ለብቻዋ በስሟ አዛወረው። እሱ ሲሞት ወራሽነትሽን አረጋግጪ ተብላ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት እንዳትንከራተት ነው። ጡረታው ለእሷ እንዲተላለፍ ፎርሙን ሞላ። ከግቢው ጀርባ በራሷ በር የምትገባ አንድ ክፍል አሠራ፣ አከራይታ እንድትተዳደርባት። ማን ጋ መደወል፣ ምን መክፈል፣ የትኛው ቁልፍ የየትኛው በር እንደሆነ ሳይቀር በወፍራም ፊደል ጽፎ አስቀመጠላት።

«አንተ ሰውዬ» ትለዋለች እየሳቀች፣ «ሰው ሠርጉን ይደግሳል፣ አንተ ሞትህን ትደግሳለህ።»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ያኔ ትመርቂኛለሽ።»

በሰፈሩ «ስልከኛዋ» ነው የምትባለው። ሃያ ሰባት ዓመት የስልክ ማዞሪያ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ሰው ከሰው ስታገናኝ ኖራለች። ሥራውን ማሽን ከወሰደው በኋላም ስሙ ከእሷ አልወረደም። ድምጿ ጥርት ያለ ነው። በቁጣ ስትናገር እንኳ ሰው ቁጣውን ትቶ ድምጿን ይሰማል።

ወረቀቶቹን ያዘጋጀው ጠበቃ ፋይሉን ሲያስረክበው እንዲህ አለው፦ «ሁሉም ጥሩ ነው፣ አንድ ነገር ግን ጎድሏል። ቤቱ የእሳቸው ከሆነ፣ እሳቸው ቢታመሙና አእምሯቸው ቢደክም ማን ይፈርማል? ጤነኛ ሳሉ ለእርስዎና ለልጃችሁ ውክልና ይስጡ። ደግሞ ሁለታችሁም አልጋ ላይ ብትውሉ በምን እንደምትጦሩ አሁኑኑ አስቡበት።»

«ለእኔ ውክልና?» ቀያሹ ሳቀ። «ሬሳ ውክልና ምን ያደርግለታል?»

«ሰው ሁሉ እንደ ወንድሞችዎ በድንገት አይሄድም እኮ። ብዙው አርጅቶ ነው የሚሞተው።»

ቀያሹ ጠበቃው ተጨማሪ የአገልግሎት ክፍያ የፈለገ መሰለው። ፋይሉን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወጣ። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ሴት ልጁም ያንኑ ሳምንት «እማዬ ብትቀድምስ?» ብላ ጠይቃው ነበር። «እናትሽ? እናትሽ እኔን ቀብራ ሌላ ታገባለች!» አለና ነገሩን በሳቅ ዘጋው።

ስልሳ አንድ ሞላው፣ አልሞተም። ስልሳ አምስት ሞላው። ሰባ ሲሞላው ለራሱ ግራ ገባው። በየዓመቱ ያንን የቁልፍና የክፍያ ዝርዝር እያወጣ ያድሰዋል፣ አንድ ስልክ ቁጥር ይሰርዛል፣ ሌላ ይጽፋል።

በሰባ አራት ዓመቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው በአጥር ላይ ብቅ ብላ የልጃቸውን መድኃኒት ቤት ቁጥር ጠየቀች። በዚያ ሰፈር ቁጥር በወረቀት የሚይዝ ሰው አልነበረም፣ ስልከኛዋ አለችላቸው። ስልከኛዋ አፏን ከፈተች፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ቁጥሮች አለችና ቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን የለም።

«መስመሩ ተይዟል» አለችና ሳቀች። ጎረቤቷም ሳቀች። ቀያሹ ግን አልሳቀም።

በዓመቱ ሐኪሙ «የመርሳት በሽታ ነው፣ እየባሰ ነው የሚሄደው» ሲላቸው፣ ቀያሹ «ካርድ ተሳስታችሁ እንዳይሆን፣ በሽተኛው እኔ ነኝ» አለ። ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እንደ ናዳ ነው። ጋዙን ለኩሳ ትወጣለች። ጨው ብላ ሳሙና ትጨምራለች። አንድ ቀን ጠፍታ ግማሽ ቀን ተፈልጋ፣ የድሮው የስልክ ማዞሪያ ሕንፃ በር ላይ ቆማ ተገኘች። ሕንፃው የሶፋ መሸጫ ከሆነ ሰንብቷል። «ተረኛዋ ዘግይታ ነው፣ ሰው መስመር ላይ እየጠበቀ ነው» እያለች ሻጮቹን ስትቆጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ሊተዋት አልቻለም። ልጁ አንዲት አስታማሚ አመጣችላቸው። የራሷን እናት እስከ መቃብር ያደረሰች፣ ክንደ ብርቱ፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ነበረች። ማደሪያ አስፈለጋት። ያቺ ለመበለቲቱ መተዳደሪያ የተሠራችው የኪራይ ክፍል የአስታማሚዋ መኝታ ሆነች፣ ኪራዩም ቀረ።

በሦስት ዓመት ውስጥ የባንኩ ደብተር ተራቆተ። ጡረታው የአስታማሚዋን ደመወዝ እንኳ አይሞላም። ዳይፐሩ አለ፣ መድኃኒቱ አለ፣ ሐኪሙ አለ። ልጅቷ ከደመወዟ እየቀነሰች ታመጣለች። ባሏ ክፉ አልተናገረም። ቀያሹ እቤታቸው በሄደ ቁጥር ግን የአማቹ ዝምታ ከቀን ወደ ቀን እየወፈረ መሄዱን ያያል።

በመጨረሻ ልጅቷ አንድ ቀን ከሥራ መልስ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ይሄን ቤት እንሽጠው። መሬት ላይ የሆነች ሁለት ክፍል እንግዛላችሁ። በቀረው ሁለት አስታማሚ እንቀጥራለን፣ የቀንና የሌሊት። አንተም ጀርባህን ታሳርፋለህ።»

«እኔም ካሰብኩት ቆየሁ» አለ ቀያሹ። «ግን ቤቱ የእኔ አይደለም።»

ሁለቱም በመስኮት አዩ። ስልከኛዋ ግቢው ውስጥ የልብስ ማስጫውን ገመድ ይዛ፣ «ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ» ትላለች።

ደህና የምትሆንበትን ቀን ጠበቁ። አንድ ሐሙስ ማለዳ ከእንቅልፏ ስትነቃ የልጇን ስም ጠርታ «ጸጉርሽን ማን ነው እንዲህ ያበላሸብሽ?» አለቻት። ልጅቷ ወዲያው መሥሪያ ቤቷ ደውላ ፈቃድ ጠየቀች። አስታማሚዋ አጥባ፣ አበጥራ፣ ግራጫውን ቀሚስ አለበሰቻት። ታክሲው ውስጥ የሱቆቹን ስም አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች። ቀያሹ በእያንዳንዱ ስም ልቡ በተስፋ ይዘላል።

የሰነድ ማረጋገጫው አዳራሽ በሰው ተሞልቷል። ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ጋ ያለችው መነጽራም ወጣት ወረቀቱን አንብባ ቀና አለች።

«አባት፣ እርስዎ ዝም ይበሉ። እሳቸውን ነው የምጠይቀው። እናቴ፣ እዚህ ለምን እንደመጡ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አለች ስልከኛዋ። ያ የጥንቱ ጥርት ያለ ድምጿ ነበር። «ለቤት ጉዳይ ነው።»

ልጅቷ የአባቷን እጅ ጨበጠች።

«ቤቱ የማን ነው?»

«የኔ ነው። በስሜ ነው።»

«ይሄ ወረቀት ባለቤትዎ ቤቱን መሸጥ እንዲችሉ ውክልና የሚሰጥ ነው። ይስማማሉ?»

«ባለቤቴማ ሞቷል» አለች ስልከኛዋ።

የመስኮቷ ሠራተኛ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ልቡን ነው ያመመው። ጎበዝ ሰው ነበር፣ ሁሉን አሰናድቶልኝ ነው የሄደው። ‹እኔ ከሞትኩ በኋላ ማንም መጥቶ ፈርሚ ቢልሽ እንዳትፈርሚ። ልጅም ቢሆን፣ ጠበቃም ቢሆን› ብሎኛል። አልፈርምም።»

«እኚህ አጠገብዎ ያሉትስ ማናቸው?»

ስልከኛዋ ዞር ብላ ቀያሹን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «እሳቸው የሚያስታምሙኝ ሰው ናቸው» አለች። «ደግ ናቸው፣ አመሰግናቸዋለሁ። ግን ቤተሰብ አይደሉም።»

በአርባ አራት ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ አንቱ ብላው አታውቅም።

ያለችው ቃል የራሱ ቃል ነበር። እንዳትፈርሚ ያላት አንድ ጊዜ አይደለም። በርጩማዋን ይዛ የተሻገረችው አሮጊት ትዝ ባለችው ቁጥር ሚስቱን ቁጭ አድርጎ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ «እስቲ ድገሚልኝ» እያለ አስጠንቷታል። እሳትና ውሃ መለየት አቅቷታል፣ የልጆቿ ስም ይመጣል ይሄዳል፣ ያ ግን አንድ ፊደል ሳይጎድል ተቀምጧል።

«አዝናለሁ አባት» አለች መነጽራሟ ወረቀቱን እየመለሰችለት። «እሺ ቢሉም ኖሮ በዚህ ሁኔታቸው አልቀበልም ነበር። ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ሞግዚት አስሹሙላቸው።» ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፣ «ጤነኛ ሳሉ ቢሆን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ቀያሹ፣ ለራሱ ይሁን ለእሷ ሳይለይ።

ሲመለሱ ስልከኛዋ ታክሲው ውስጥ ወደ እሱ ጠጋ አለች፣ ሰው ለማጽናናት እንደሚጠጋ። «ልጆች አሉዎት?» አለችው።

«ሁለት።»

«ይጦሩዎታል?»

ከፊት የተቀመጠችው ልጁ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ። «ይሞክራሉ» አለ።

ልጅቷ ለፍርድ ቤት አመለከተች። ወንድ ልጅየው፣ በሌላ ከተማ የመኪና መለዋወጫ የሚነግደው፣ መጥሪያው በደረሰው ዕለት ደወለ።

«አባዬ፣ ይሄን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት አይደል? እማዬን ሰበብ አድርጋ ቤቱን ልትበላው ነው። ቤቱ ከተሸጠ ምን ይቀራል?»

«ለማን ነው የሚቀረው? ለእናትህ ነው ለአንተ?»

«ለሁላችንም ነዋ! የልፋትህን ለአስታማሚ ስትከፍል ኖረህ ባዶህን ልትቀር ነው?»

ቀያሹ የዚህን ዓይነት ድምፅ ያውቀዋል። ሠላሳ አራት ዓመት በየሰው ግቢ ሰምቶታል። ከራሱ ስልክ ውስጥ ሲመጣ ግን አልጋው ላይ ተቀመጠ።

ልጁ ተቃውሞ አስገባ። ቀጠሮ ተሰጠ። ዳኛው ተዛወረ፣ አዲሱ ዳኛ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ይቅረብ አለ፣ ቦርዱ በወር አንዴ ነው የሚሰበሰበው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ወር ሄደ። ስልከኛዋ መራመድ አቆመች። አስታማሚዋ የሁለት ወር ደመወዝ ሳትቀበል ቆየች፣ አንድም ቀን አላነሳችባቸውም። ቀያሹ ወርቃማውን የእጅ ሰዓቱን ሸጦ ሲሰጣት፣ ገንዘቡን ተቀብላ ዞር ብላ አለቀሰች።

በአሥረኛው ወር ወንድ ልጅየው ለክርክሩ መጣ። እህቱ ከፍርድ ቤት በር ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ነገ ከሰዓት አባዬን ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ። አስታማሚዋም ዕረፍት ያስፈልጋታል። አንተ ከእማዬ ጋር ዋል።»

«ምን ችግር አለው? እናቴ አይደለች እንዴ!» አለ።

ሲመለሱ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኙት። የሸሚዙ እጅጌ እርጥብ ነው፣ ጉንጩ ላይ የጥፍር ጭረት አለ። ከቤት ውስጥ የስልከኛዋ ጩኸት ይሰማል። ከዕረፍቷ የተመለሰችው አስታማሚ ሮጣ ገባች።

«ልብሷን ልቀይርላት ብዬ…» አለ ልጁ። ጎልማሳ ነው፣ ጸጉሩ ሳስቷል፣ ግን አገጩ እንደ ሕፃን ይንቀጠቀጣል። «ስሜን ጠራችው አባዬ። ስሜን እየጠራች ‹ልጄን ጥሩልኝ፣ ይሄን ሌባ ያስወጣልኝ› አለች።»

በማግስቱ ተቃውሞውን አነሳ። እህቱም አልወቀሰችውም፣ እሱም ይቅርታ አልጠየቀም። ውሳኔው ግን ለመጻፍና ማኅተም ለማግኘት ሌላ ሦስት ወር ፈጀ።

ማኅተሙ ከመድረሱ በፊት ቀያሹ ወደቀ። አስታማሚዋ እህቷ ወልዳ ለአንድ ቀን ሄዳለች። ልጁ «ምሳ ሰዓት እመጣለሁ፣ እስከዚያ አትንካት» ብላዋለች። ሚስቱ ግን ጭቅይት ብላ፣ ሸትታ፣ እያፈረች ስታየው አልቻለም። መታጠቢያ ቤት አስገብቶ አጠባት። ከወንበሩ ሊያነሳት ወገቧን ሲይዝ እግሩ ሳሙናው ላይ ሸሸ፣ ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። እሷ እሱ ላይ ስላረፈች ምንም አልሆነችም። የእሱ ዳሌ ግን ሲሰበር ድምፁን ሰማው። እርጥቡ ወለል ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተኝቷል። እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ እጁን ይዛ፣ «ይመጣሉ፣ አይዞዎት፣ ሰው ይመጣል» ትለው ነበር።

ቀዶ ጥገናውን ያደረገው ሐኪም በማግስቱ እየሳቀ መጣ። «ዳሌዎ አስቸግሮናል። ልብዎ ግን የወጣት ልብ ነው፣ ገና ብዙ ዓመት ያኖርዎታል!» ቀያሹ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልጅቷ ሞግዚት ሆና ተሾመች፣ ቤቱ ተሸጠ። የቸኮለ ሻጭ ከሩቅ ይታወቃል፤ ገዢው ዋጋውን በሩብ አወረደው። ሁለት ክፍል መግዛቱም ቀረ፣ አሁን የሚታመሙት ሁለት ናቸው። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሁለት አልጋ ያዘችላቸው፣ አንዱ በሴቶቹ ክንፍ፣ አንዱ በወንዶቹ። ገንዘቡ ለሁለት ሰው አምስት ዓመት፣ ለአንድ ሰው አሥር ዓመት እንደሚበቃ አስልታ ለአባቷ ነገረችው። ነገሩን እንደጨረሰች ያለችውን ሰማችና አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ልክ ነሽ ልጄ» አላት። «ሒሳብ ሒሳብ ነው።»

በየቀኑ ጠዋት በተሽከርካሪ ወንበር ኮሪደሩን አሻግረው ወደ እሷ ያመጡታል። አንዳንድ ቀን ታመሰግነዋለች፣ አንዳንድ ቀን ታስወጣዋለች። የቀድሞ ስሙን፣ በፍቅር ጊዜ የምትጠራበትን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠርታዋለች፣ እሱንም ለሌላ በሽተኛ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ክረምት የሳንባ ምች ያዛት። በአምስት ቀን ውስጥ አለቀች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነበር። የወራሽነት ማስረጃው ሲወጣ የሟች ስም እሷ፣ የወራሽ ባል ስም እሱ ሆኖ ተጻፈ። ቀያሹ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበውና ለልጁ መለሰላት።

ከቀብሩ በኋላ ወንድ ልጁ ወንበሩን እየገፋ ወደ መጦሪያው መለሰው። በር ላይ ሲደርሱ አላስቻለውም።

«አባዬ፣ እዚህ ብቻህን አትቀርም። እኔ ጋ ትመጣለህ። የታችኛውን ክፍል እለቅልሃለሁ።»

ቀያሹ ቀና ብሎ አየው። እውነቱን ነው፣ ከአንጀቱ ነው። «የመታጠቢያ ቤትህ በር ስፋቱ ስንት ነው?» አለው።

«እ?»

«ይሄ ወንበር ለመግባት ሰማንያ ሴንቲ ይፈልጋል።»

«ሄጄ እለካዋለሁ። ጠባብ ከሆነም አስፈርሼ አሰፋዋለሁ፣ ምን ችግር አለው!»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነርሷ ስልክ ይዛ መጣች። ልጁ ነበር። ስለ ጤናው ጠየቀ፣ ስለ ምግቡ ጠየቀ፣ ስለ አየሩ ጠየቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በሩን ለካሁት አባዬ። ስልሳ አምስት ነው። ግንበኛም አሳየሁ። ግድግዳው ቤቱን የተሸከመ ነው፣ አይነካም አለኝ።»

ቀያሹ በሥራ ዘመኑ የዚያን ዓይነት ቤት ፕላን በመቶ የሚቆጠር አይቷል። የመታጠቢያ ቤት መከፋፈያ ግድግዳ ከራሱ በቀር ምንም አይሸከምም፣ አንድ ግንበኛ በግማሽ ቀን ያሰፋዋል። በመስመሩ ውስጥ የልጁ ትንፋሽ ተይዞ ሲጠብቅ ይሰማዋል።

«እንግዲያው መነካት የለበትም ልጄ» አለው። «ቤት ይናድብሃል።»

ልጁ በረጅሙ ተነፈሰ። «በሚመጣው ወር መጥቼ አይሃለሁ እሺ? እርግጠኛ ነኝ እመጣለሁ።»

«ና» አለ ቀያሹ። ስልኩን ለነርሷ መለሰላት። የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር፣ ወንበሩን ገፍታ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ጠረጴዛው ጋ አስጠጋችው።